የቡናውን ዋጋ በስልክ እያወቅን በዚያ ዋጋ የማንሸጠው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ መምህር ዘጅማ

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በጅማ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ትራንስፖርትና መገናኛ በአንድ አገር ኢኮኖሚ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ የሚመለከተውን ትምህርት ስንጀምር፣ እንደ ወትሮዬ ትራንስፖርትን በደም ሥር፣ መገናኛን በነርቭ መስዬ ማስረዳት ጀመርሁ። በዚህ መካከል ከጌራ ወረዳ መጥቶ ጅማ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ልጅ ተነሣና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ እኛ ቀበሌ ኔትዎርክ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ የዕለቱን የቡና ዋጋ ጅማ እየደወለ ይጠይቃል። መኪና ግን ከበጋ በቀር አይደርስም። ዋጋውን ሁልጊዜ እናውቀዋለን፤ በዚያ ዋጋ ግን አንድም ቀን ሸጠን አናውቅም። ታዲያ ማወቃችን ምን ጠቀመን?»

የሰጠሁት መልስ «ልዩነቱ የማጓጓዣ ወጪ ነው» የሚል ነበር። ልጁ አመስግኖ ተቀመጠ፤ ነገር ግን እንዳልረካ ከፊቱ አየሁ፤ እኔም አልረካሁም። ማታ ቤቴ ገብቼ ልጁ የነገረኝን የቀበሌውን ዋጋ፣ የጅማውን ዋጋ፣ የበቅሎና የመኪናውን ኪራይ ጎን ለጎን ጽፌ ሳሰላው፣ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ከኪራዩ ድምር እጅግ በልጦ አገኘሁት። የቀረው ገንዘብ የት እንደሚገባ ከመማሪያ መጽሐፉ ላገኝ አልቻልሁም።

ስለዚህ በሥራው ላይ ያላችሁ ወገኖች እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። ከዋጋው ልዩነት ውስጥ ኪራይ ያልሆነው ክፍል ከምን ይመጣል? መንገድ በሌለበት የገባ ስልክ ለኢኮኖሚው በእርግጥ የሚጨምረው ነገር አለን? ገንዘቧ ውስን የሆነች አገር አንዱን ከሌላው ማስቀደም ቢኖርባት የቱን ታስቀድም? ለልጁ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መልስ እንደምሰጠው ቃል ገብቼለታለሁ።

ቡና አቅራቢ፣ ከአጋሮ

መምህር፣ ልጁን ስለ ጥያቄው አመስግኑልኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በጎማና በጌራ ቡና እየሰበሰብሁ ጅማ መጋዘን ሳቀርብ ኖሬያለሁ። የልጁ አባት ቡናውን የሚሸጥለት ሰው እኔ ወይም እኔን የመሰለ ነጋዴ ስለሆነ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ በግልጽ መናገር የሚገባኝ ይመስለኛል።

አስቀድሞ ልጁ የሚያወዳድራቸው ሁለት ዋጋዎች የአንድ ዕቃ ዋጋ አለመሆናቸውን ይወቅ። ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በዚያው ዕለት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ገብቶ መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይብላላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ማጠቢያ ጣቢያ ደግሞ ውሃም መኪናም በሚገኝበት ቦታ ይተከላል እንጂ በየጫካው ሊተከል አይችልም። ከመንገድ የአራት ሰዓት የእግር ጉዞ ርቆ የሚኖር ገበሬ፣ ቡናው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ እሸቱን ለማጠቢያ ማድረስ ስለማይችል አድርቆ በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው፣ ይሸጣል። ጀንፈሉ ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። በስልክ የሚነገረው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ የታጠበው ወይም ተቀሽሮ የተበጠረው ቡና ዋጋ ነው። እንግዲህ ገበሬው ምን ዓይነት ቡና ይዞ ገበያ እንደሚወጣ ገና ከለቀማው ቀን ጀምሮ የወሰነለት መንገዱ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው። ለቀማ በእኛ አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ይህም ክረምቱ መንገዱን ሸርሽሮ በወጣበት ማግሥት ማለት ነው። የምገዛበት ገንዘብ በአብዛኛው ብድር ነው። አንድ በቅሎ ከአንድ ኩንታል እምብዛም የማይበልጥ ትጭናለች፤ አንድ አይሱዙ ለመሙላት ሃምሳ ኩንታል ያስፈልጋል። ቡናው በበቅሎ እየወጣ መንገድ ዳር ተከማችቶ ሃምሳ ኩንታል እስኪሞላ ድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወለዱ ይቆጥራል፤ ዝናብ ከመታው እርጥበቱ ይጨምራል፤ እርጥበቱ ከተፈቀደው ልክ አልፎ ከተገኘ መጋዘን አይቀበለውም፤ የገበያው ዋጋም በመካከሉ ሊወርድ ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእንጨት ድልድይ ተሰብሮ አንድ ሙሉ ጭነት ቡና ከወንዝ ማዶ አሥራ አንድ ቀን ቆሞብኝ ነበር። ያን ጊዜ የደረሰብኝን ኪሳራ በሚቀጥለው ዓመት የቀነስሁት በዚያ መስመር ከሚኖሩት ገበሬዎች ዋጋ ላይ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ እያዘነ ነው፤ ነገር ግን መምህር የጠየቁት የጎደለው ገንዘብ አንዱ ክፍል ይህ ስለሆነ መደበቅ አይገባኝም። ስጋት ዋጋ አለው፤ የሚከፍለውም ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የገዢው ቁጥር ነው። አስፋልት ወይም ደኅና ጠጠር መንገድ በሚደርስበት ቀበሌ በገበያ ቀን አምስትና ስድስት ሰብሳቢ ሚዛኑን ተክሎ ይቆማል፤ ገበሬው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ ይጠይቃል፣ ሁሉም እየፈራ ይጨምራል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ የምንገባው አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ነን። ገበሬው የጅማን ዋጋ ቢነግረኝም «እንግዲያው ወስደህ ጅማ ሽጠው» ብዬ ልመልስለት እችላለሁ፤ ወስዶ መሸጥ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለንና።

መኪናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በለቀማ ወራት ከጅማ የሚወጣው ጭነት ብዙ ስለሆነ መኪና ይወደዳል። ከየካቲት በኋላ ግን ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ፣ ፌሮና ማዳበሪያ ጭኖ የመጣ መኪና የሚመልሰው ጭነት አጥቶ ባዶውን ይመለሳል፤ ስለዚህ የደርሶ መልሱን ነዳጅ በመምጫው ጭነት ላይ ያስከፍላል። በጅማ የሲሚንቶ ዋጋ ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጡረተኛ የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ጅማ

ከአጋሮ የጻፉት ወንድማችን እኔ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ በሰሌዳ ላይ ልገልጸው የሞከርሁትን በሚዛን ቋንቋ ስለገለጹት አመሰግናለሁ። እኔ ከታሪክና ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ ለክፍሉ የሚጠቅም ጥቂት ነገር ላክል።

ጅማ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሒርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ የንግድ መገናኛ ነበር። ከከፋ የሚመጣው፣ ከግቤ ማዶ የሚሻገረው፣ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ የሚሄደው ሲራራ (በበቅሎና በአህያ ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ) ሁሉ እዚህ ይገናኝ ነበር። ተማሪዎችዎ በዚያ ገበያ ምን ይሸጥ እንደነበር ይመልከቱ፦ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ቡና፣ አሞሌ ጨው። በእጅጉ በሚያሳዝን ሁኔታ በእግሩ የሚነዳ ሰውም ይሸጥ ነበር። በቆሎ ወይም ማሽላ ከጅማ ተጭኖ ወደ ሩቅ አገር አልሄደም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በበቅሎ ጀርባ ወር ሙሉ ተጉዞ የጉዞውን ወጪ የሚችለው ክብደቱ ጥቂት፣ ዋጋው ብዙ የሆነ ዕቃ ብቻ ነው። ክብደቱ ብዙ ዋጋው ጥቂት የሆነው እህል በተመረተበት ይበላል፣ ከተረፈም በተመረተበት ይበላሻል። አንድ አገር ምን ማምረት እንደሚያዋጣት ከአፈሩና ከዝናቡ ባልተናነሰ የማጓጓዣው ዋጋ ይወስናል።

በቆሎን ካነሣሁ ዘንድ፣ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ምርቱ እጅግ በዝቶ ዋጋው ስለወደቀ፣ አንዳንድ ገበሬ ለመሰብሰቢያው የሚያወጣው ወጪ ከሽያጩ በልጦበት እህሉን ማሳ ላይ እስከ መተው ደርሶ እንደነበር እናስታውሳለን። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በድርቁ ምክንያት ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በአንድ አገር ውስጥ በአንድ በኩል እህል ሲጣል፣ በሌላ በኩልና በሌላ ዓመት ሲታጣ፣ በመካከላቸው የጎደሉት መንገድ፣ መጋዘንና ወሬ ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ቡናም በ2001 ዓ.ም. የገባበት፣ በአብዛኛው ይህን ጉድለት ለመሙላት ታስቦ ነው። በጅማ መጋዘን የተከፈተውም ገበሬው ወይም አቅራቢው አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄድ ቡናውን በአቅራቢያው አስመዝኖና ደረጃ አስወጥቶ በሰነድ እንዲሸጥ ነው። እዚህ ላይ መገናኛው የትራንስፖርትን አንድ ክፍል ተክቷል ማለት ይቻላል፤ የሚጓዘው ሰነዱ እንጂ ሻጩ አይደለምና።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በሕንድ ደቡብ ምዕራብ በኬረላ ግዛት ጠረፍ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየአካባቢው ሲገባ፣ አንድ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በሰርዲን ዓሣ ገበያዎች ላይ የሆነውን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሟል። ስልክ ከመግባቱ በፊት ዓሣ አጥማጁ ወደ ለመደው ወደብ ይመለሳል፤ በአንዱ ወደብ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ይደፋል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ወደብ ደግሞ ዓሣ ጠፍቶ ገዢ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስልኩ ከገባ በኋላ አጥማጆቹ ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ገዢ ወዳለበት ወደብ መቅዘፍ ጀመሩ። የሚደፋው ዓሣ ከሞላ ጎደል ቀረ፤ የአጥማጁ ትርፍ በ8 በመቶ ያህል ጨመረ፤ በላተኛው የሚገዛበት ዋጋም በ4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ተጠቀሙ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር አንድ ነገር ሳላስተውል ኖሬ ነበር፤ ያስተዋልሁት የመምህርን ጥያቄ ሳነብ ነው። የኬረላ አጥማጅ ጀልባ አለው፤ ባሕሩ ደግሞ ወደ ሁሉም ወደብ የሚያደርስ፣ ማንም ያልሠራው፣ ክረምት የማያፈርሰው ሰፊ መንገድ ነው። የጎደለው ወሬ ብቻ ስለነበር ወሬው ሲገባ ሁሉም ተሟላ። በጌራው ቀበሌ ስልኩ ገብቷል፣ ባሕሩ ግን የለም። በዚያው በሕንድ በማሃራሽትራ ግዛት የተደረገ ሌላ ጥናት ይህንኑ የሚያጠናክር ነው፤ ለገበሬዎች የገበያ ዋጋ በአጭር መልእክት ቢላክላቸውም በአማካይ በሚሸጡበት ዋጋ ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ወሬ ዋጋ የሚኖረው ሰሚው በሰማው መሠረት የሚያደርገው ሌላ ምርጫ ሲኖረው ነው።

ከአገር ደረጃ አንጻር ደግሞ ጅማ ከባሕር ምን ያህል እንደምትርቅ ተማሪዎቹ በካርታ ይለኩ። እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ሲደመር ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በ1990 ዓ.ም. የአሰብ ወደብ ከተቋረጠ ወዲህ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ባቡር በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ያደርስ ስለነበር የሲራራውን የሳምንታት ጉዞ አስቀርቷል፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው አቅጣጫ የተዘረጋ ነው። ወደ ጅማ የሚመጣው የባቡር መስመር በዕቅድ ላይ የሰፈረ ቢሆንም አልተሠራም። ስለዚህ የእኛ ቡና የመጀመሪያዎቹን 350 ኪሎ ሜትሮች የሚጓዘው በመኪና ብቻ ነው፤ በዓለም ገበያ ዋጋው በኒው ዮርክ ሲቆረጥ የዚህ ሁሉ ጉዞ ወጪ ወደ ኋላ እየተቀነሰ መጥቶ የሚያርፈው ቡናው ከተለቀመበት ቅርንጫፍ ሥር ነው።

የማርና የፍራፍሬ ነጋዴ፣ ሒርማታ

ጋሼ የጻፉትን በጥሞና አነበብሁት፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን መንገድ ከሌለ ስልኩ ጥቅም የለውም ወደሚል መደምደሚያ እንዳንሄድ እፈራለሁ፤ ከራሴ ሥራ የማውቀው ከዚህ ይለያልና።

ከጌራና ከሸቤ ማር፣ ከማናና ከሰቃ አቮካዶ አስመጣለሁ። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ እናቴ ይህንኑ ሥራ ስትሠራ ወደ ገጠር ገበያ የምትሄደው በግምት ነበር። ማር ይኖራል ብላ ሄዳ ባዶ ጣሳ ይዛ የተመለሰችበት፣ ወይም እርሷ ባልሄደችበት ሳምንት ገበሬው እንስራ ሙሉ ማር ተሸክሞ ወጥቶ ተሸክሞ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህ ከንቱ ጉዞዎች ሁሉ ወጪ ናቸው፤ ማንም አይመዘግባቸውም እንጂ። እኔ ዛሬ ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ፤ በየቀበሌው ያለችው ደንበኛዬ የጎረቤቶቿን ቆርቆሮ ቆጥራ ትነግረኛለች፤ መኪና የምከራየው ጭነቱ መሙላቱን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው። መንገዱ አልተለወጠም፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ግማሹን ብቻ ተጭኖ የሚሄድ መኪና አሁን ሞልቶ ስለሚሄድ በአንድ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፈው ኪራይ ቀንሷል። ስልክ መንገድ አይሆንም፤ ያለውን መንገድ ግን ያበዛዋል።

ለአቮካዶ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ማር ዓመት ይቀመጣል፤ አቮካዶ ከተቀጠፈ በኋላ ቀናት ብቻ ነው ያለው። አንድ ጊዜ ያልተነጋገርንበት ጭነት በአንድ ቀን ከሦስት ቀበሌ ገብቶብኝ ከሩብ የሚበልጠውን ለከብት ሰጥቻለሁ። አሁን የምታስቀጥፈው ሴት ዛፉ ላይ እንዲቆይ ወይም እንዲወርድ የምትወስነው እኔ መኪናው መንቀሳቀሱን ስነግራት ነው።

ገንዘብ ስለ መላክም አንድ ነገር ልበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ብር በመቀነቴ ይዤ በጫካ መንገድ መጓዝ ትቻለሁ። ለሴት ነጋዴ ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ያልደረሰበት ሰው አይረዳውም። ከፊት ይልቅ ሩቅ ወዳለ ቀበሌ ለመግዛት የደፈርሁትም ከዚህ በኋላ ነው፤ የገዢ ቁጥር አነሰ ላሉት ለአጋሮው ወንድሜ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። አሁን ነዳጅም የሚከፈለው በስልክ በመሆኑ፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ መኪናው ጭነት እንደሞላ ማደያ ፊት ለፊት ይቆማል። ባለፈው ኅዳር እንዲህ ሆኖ ግማሽ ቀን ቆመናል፤ ጭነቱ አቮካዶ ስለነበር ግማሽ ቀኗ ቀላል አልነበረችም። ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ የሚያየው መጽሐፉ ይመስለኛል፤ እኛ ዘንድ ከተያያዙ ቆይተዋል።

የመንገድ መሐንዲስ፣ ጅማ ዞን

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የቱ ይቅደም ስለሚለው፣ በሥራዬ ያየሁትን ላካፍል።

እህታችን ሁለቱ ተያይዘዋል ያሉት በእኔም በኩል እውነት ነው። ከዋናው የመብራት መስመር የራቀ የኔትዎርክ ማማ ጄኔሬተር ካለው ናፍጣው በመኪና ይሄዳል፤ ሲበላሽ ጠጋኙም በመኪና ይሄዳል። መንገዱ በተቋረጠበት ክረምት ማማውም እየቆየ ዝም ይላል። የልጁ አባት በነሐሴ ወር ዋጋ ለመጠየቅ ደውሎ አልሰማ ያለው ቀን ካለ፣ ምናልባት ምክንያቱ ያው መንገዱ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የወረዳና የቀበሌ መንገዶችን ጨምሮ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህ እጅግ ትልቅ ሥራ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ቀበሌዎችን ከዋናው መንገድ የማገናኘት ፕሮግራምም የገጠሩን ድርሻ በብዙ ጨምሮታል። ነገር ግን በካርታ ላይ መስመር መኖሩና በጥቅምት ወር መኪና ማለፉ አንድ አይደሉም። በጅማ ዙሪያ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ይጥላል፤ አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ መሬቱ ወጣ ገባና ምንጭ የሞላበት ነው። በእንዲህ ያለ አገር መንገድ የሚፈርሰው ከመኪና ይልቅ በውሃ ነው። ቦዩ በደለል ሲሞላ ውሃው በመንገዱ ላይ ይወጣል፤ በአንድ ክረምት ጠጠሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

አንድ 20 ኪሎ ሜትር የቀበሌ መንገድ ለምርመራ በእግሬ ስሄድ የማገኘው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ አሥራ ስምንቱ ኪሎ ሜትር ደኅና ሆኖ፣ መኪና የሚያስቀረው ሦስት ወይም አራት ቦታ ነው፦ ቱቦ ያልተቀበረበት ጅረት፣ የበሰበሰ የእንጨት ድልድይ፣ ጭቃው የማይደርቅ አንድ ዳገት። የአጋሮው ወንድማችን አሥራ አንድ ቀን ያቆማቸው አንድ ድልድይ እንጂ ሃያ ኪሎ ሜትር መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ውስን ገንዘብ ላለው ወረዳ እኔ የምመክረው ሙሉውን መንገድ እንደ አዲስ ለመሥራት በጀት ከመጠበቅ ይልቅ፣ እነዚህን ጥቂት መቆሚያዎች አስቀድሞ መጠገን፣ ቦዩንም ከሰኔ በፊት ማስጠረግ ነው። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ እየተቆረጠ የሚሰበስብ የመንገድ ፈንድ አገሪቱ ካቋቋመች ቆይታለች፤ ሆኖም አዲስ መንገድ የሚመረቅበት፣ የተጠረገ ቦይ ግን የማይመረቅበት ልማድ ስላለ የጥገና ሥራ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ስብሰባ ላይ ብቻዬን ተከራክሬያለሁ፤ እዚህም የምደግመው መምህር የሚያስተምሯቸው ልጆች ነገ በወረዳ ምክር ቤት የሚቀመጡ ስለሆኑ ነው።

ስልኩን በተመለከተ ለማስቀደም መጨነቅ ያለብን አይመስለኝም። ማማ ለመትከል የሚገባው ወጪ ከመንገዱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚከፍለውም በአብዛኛው ደንበኛው ራሱ ነው። የቀበሌ መንገድ ግን በላዩ የሚሄደው ሰው በየጉዞው የሚከፍልበት ስላልሆነ ከሕዝብ በጀት በቀር ሠሪ የለውም።

መምህር ዘጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ምላሾቻችሁን አትሜ ለክፍሉ አነበብሁላቸው፤ ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል ከተደወለ በኋላም ልጆቹ አልወጡም ነበር።

የጌራው ልጅ ማታ ለአባቱ ደውሎ የሚሰሙት ዋጋ የየትኛው ቡና እንደሆነ ጠይቋል። እንደተባለው ሆኖ ተገኘ፤ ሲነገራቸው የኖረው የታጠበው ቡና ዋጋ ነው፤ እነርሱ የሚሸጡት ደግሞ መሬት ላይ የተሰጣ ጀንፈል ነው። ዋጋውን ለትክክለኛው ዓይነትና ደረጃ አስተካክለን፣ ገለባውን ቀንሰን፣ የበቅሎና የመኪናውን ኪራይ ጨምረን በሰሌዳ ላይ እንደገና ስናሰላው የልዩነቱ ከግማሽ የሚበልጠው ምክንያት ተገኝቶለታል። የቀረው ወንድማችን እንዳሉት የስጋትና የገዢ ማነስ ዋጋ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ተናገሩ። በመጪው ሐሙስ ሒርማታ ወርደው የአምስት ዕቃዎችን ዋጋ እንዲጠይቁ፣ ከየገጠሩ የመጡትም ለዘመዶቻቸው ደውለው የዚያኑ ዕለት የቀበሌያቸውን ዋጋ እንዲመዘግቡ አዝዣለሁ፤ ከዕቃዎቹ መካከል ሁለቱ ማርና አቮካዶ ናቸው።

ልጁ ለአጋሮው ወንድማችን አንድ ጥያቄ አስጽፎኛል፦ ከቀበሌው እስከ መኪና መቆሚያው ያለው ጅረት ቱቦ እስኪቀበርለት ድረስ፣ አባቱና ጎረቤቶቹ ዋጋቸው ከፍ እንዲል ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለን?

ቡና አቅራቢ፣ ከአጋሮ

አለ። እህታችን ከሒርማታ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ እኔም ሳስብበት ነበር።

ጎረቤታሞቹ ቡናቸውን ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅመው በሽቦ አልጋ ላይ ያድርቁ እንጂ መሬት ላይ አያስጡ። ሲደርቅ በተናጠል ወደ መንገድ አያውጡት፤ ቆጥረው ሃምሳ ኩንታል መሙላቱን ሲያረጋግጡ አንድ ሰው ወክለው ይደውሉልኝ። በተነጋገርንበት ቀን በቅሎዎቹ ሁሉ በአንድ ጠዋት ጅረቱን አሻግረው ያምጡት፤ መኪናዬ በዚያው ጠዋት በወዲያኛው ዳር ቆሞ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ከሆነ ቡናው መንገድ ዳር አይከርምብኝም፣ ወለድም አይቆጥርብኝም፤ ለመቆየቱና ለእርጥበቱ ስቀንስ የኖርሁትን ሳልቀንስ እዚያው መዝኜ፣ ገንዘቡን በየስማቸው በስልክ እልካለሁ። ሌላ ገዢ የተሻለ ዋጋ ቢሰጣቸው ለእርሱ ይሽጡ፤ ሃምሳ ኩንታል በአንድ ላይ ሲገኝ ከአጋሮም ከጅማም ሌላ መኪና መምጣቱ አይቀርም።

የእኔን ስልክ ከመምህር ጋር በግል እንለዋወጣለን። ልጁ ለአባቱ አልጋው ከመስከረም በፊት መሠራት እንዳለበት ይንገርልኝ፤ ዘንድሮ አበባው ቀደም ብሎ ስለወጣ ለቀማውም ቀደም ማለቱ አይቀርም።